ለሟቹ «አለሁ» ያለው ማን ነው?

ይህ ታሪክ እንደ ፀሐይ መውጣት እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብጨምርበት ምላሴ ይታሰር። በዓይኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ካዩት ሰዎች አብልጬ አውቀዋለሁ።

«መርፌ» የምንላትን መርማሪ፣ የወንድሜን ሚስት፣ ወደ ቤተ ሙከራው ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ መኪናዬ ንፋሱን ከኋላዋ ጥላው ነበር። መርፌ ትክ ብላ ካየችው ግድግዳ እንኳ ይናዘዛል።

ሟቹ በመስታወት በታጠረው የሙከራ ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ክፍሉን ናይትሮጅን ሞልቶት፣ አየር አጥሮት ነው የሞተው። የጋዙ መክፈቻ ላልቷል፤ የአደጋው ደወል ከሶኬቱ ተነቅሏል። ከበላዩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጫማ ሳጥን የማትበልጥ ሳተላይት ተቀምጣለች። ሶፍትዌሯን የነደፈው እሱ ነው፤ በማግስቱ ወደ ማምጠቂያው ልትላክ ነበር።

አነዳደፉን ያስረዳን ምክትሉ ነው። ሟቹ ሶፍትዌሩን እርስ በርስ በማይተማመኑ ክፍሎች ከፋፍሎታል። እያንዳንዱ ክፍል በየጊዜው «አለሁ» ማለት አለበት፤ ዝም ያለው እንደ ሞተ ተቆጥሮ እንደገና ይነሣል።

«ሰውየውስ?» አለች መርፌ።

«ሙከራ ላይ ሰውም አንድ ክፍል ነው ይል ነበር። ከመስታወቱ ውጭ ያለችውን ቁልፍ በየደቂቃው እየተጫነ ‹አለሁ› ይላል። ዝም ካለ ሳተላይቷ ትተኛለች፤ መብራቷ ይቀላል፤ ቁልፏ ዳግም ስትነካ ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል።»

ሬሳውን ያገኘው የጋዝ ሠራተኛው ነው። «ስገባ መብራቷ አረንጓዴ ነበር፣ እትዬ። እየጮኽኩ ሳለ ቀላ።»

ሐኪሙ ግን ሰውየው ሲነጋጋ ነው የሞተው አለ። ሠራተኛው የገባው እኩለ ቀን ላይ ነው።

የሳተላይቷን ሬዲዮ የሠራችው የሟቹ ሚስት ኮሪደሩ ላይ አውራ ጣቷን በመዳፏ ጨብጣ ተቀምጣለች። መርፌ ሐዘንተኛ አይጨቀጨቅም ብላ አለፈቻት። ከምክትሉ አፍ ግን እንደ ክር ስባ አወጣችው፤ እሱ የሠራው፣ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ሥራው ቆሞም «አለሁ» ማለቱን አይተውም። ሟቹ ይህን ደርሶበት፣ ሳተላይቷ አትሄድም ብሎ ተጣልተዋል።

ሁሉንም መስታወቱ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሰውየው ሲነጋጋ ሞቷል፤ ሳተላይቷ እስከ እኩለ ቀን ነቅታለች። ስለዚህ አንድ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሬሳውን እያየ፣ ስለ ሟቹ ‹አለሁ› ሲል ቆይቷል። የጋዝ ሠራተኛው ቁልፏ ለምን እንደሆነች አያውቅም። ሚስት ብትሆን ሰፈር ታስነሣ ነበር። ሙከራው እንዲያልፍ የምትፈልገው አንተ ነህ። የሠራኸው ክፍል ሞቶ ‹አለሁ› ይላል፤ አንተም በሰው ላይ ደገምከው።»

ምክትሉ አንገቱን ደፋ። ከዚህ ወዲያ ምን ኑዛዜ አለ? ካቴናው ሲጠረቅም ሕንጻው ከመሠረቱ ተናጠ።

ያኔ ሚስቲቱ ተነሣች። ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነበር።

«የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ማንም አልገደለውም። ደወሉን የነቀለው ራሱ ነው፤ ጩኸቱ ሐሳቡን ይበትንበታል። ሁልጊዜ ይነቅለዋል፤ ሁልጊዜ እሰካዋለሁ። መክፈቻው ከላላ ሰንብቷል፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሲነጋ መጥቼ በሩን ስከፍት ቀዝቅዟል፤ መብራቷም ቀልቷል። ቁልፏን ብጫን አረንጓዴው በራ፤ እኩለ ቀን ላይ የሠራተኛውን ኮቴ ሰምቼ በጓሮ በር እስክወጣ ድረስ ተጫንኩ።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «እሱ የደረሰው ከጩኸቱ በኋላ ነው። አንገቱን የደፋው እያለቀሰ ነው።»

መርፌ ለምን እንዳልጮኸች ጠየቀቻት።

ሚስቲቱ ቀይዋን መብራት እያየች አውራ ጣቷን አሻሸች።

«ከጮኽኩ ሞተ ማለት ነዋ።»