የወተት ሻጩ ብርጭቆ

«ለመላው የቤተሰባችን አባላት!» አለች እናትየው እራት ላይ፣ ጭልፋውን እንደ ማይክሮፎን ወደ አፏ አስጠግታ። «ትናንት ከሐኪም በደረሰን መግለጫ መሠረት፣ የዚህ ቤት አባወራ ሆድ ከላም ወተት ጋር የነበረውን የረጅም ዘመን ግንኙነት ከዛሬ ጀምሮ ማቋረጡን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን። የፍየል ወተት ለአንዳንዱ ይስማማል፣ ለአንዳንዱ አይስማማም ተብሏል። ሆዱ አዲስ ወዳጅ ካሻው ይሞክረው። መግለጫው እዚህ ላይ አበቃ።»

ልጃቸው ጠብታ ሳቀች። አባቷ አልሳቀም። ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ እንደተቀመጠ፣ «የሚያስቅ ነገር አልታየኝም» አለ።

እውነቱን ነው። አባቷ ወተት ሻጭ ነበር፤ ያውም የላም። ከሳሎናቸው በአንድ በር በምትለየው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ወተት ሲሰፍር ኖሯል። ሃያውንም ዓመት ያልሻረው አንድ ደንብ አለው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት፣ ለማንም ከመስፈሩ በፊት፣ ከዚያው ከሚሸጠው ተቀድቶ የፈላ አንድ ብርጭቆ ወተት በሰልፈኛው ፊት ቆሞ ጭልጥ ያደርጋል። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ገልብጦ እያሳየ፣ «እኔ የማልጠጣውን ለሰው አልሸጥም!» ይላል። አንዳንዴም ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን እያጣጣመ፣ ላሟ ማታ ምን በልታ እንዳደረች ይናገራል። ሰልፈኛው ያጨበጭባል። ላሟን የጠየቀ ሰው እስካሁን የለም።

መከራው የሚጀምረው ከብርጭቆው በኋላ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ፣ ወተቱ በወረደ በአሥር ደቂቃው የአባቷ ሆድ ዳገት እንደከበደው የጭነት መኪና ያጓራል። መስፈሪያውን ለልጁ ያቀብልና ወደ መጸዳጃ ቤት ይሮጣል። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቀን ግን የትምህርት ቤት ሰዓት እስኪያልፍ አይወጣም። እናትየው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆነች ሰርቪሷ የሚወስዳት ሱቁ ሳይከፈት ነው። ታዲያ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣ ወተት እየሰፈረች የምትቀረው ማን ናት? ጠብታ። ስትወለድ አንድ ጠብታ ታክል ስለነበር አባቷ ያወጣላት ስም ነው። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ ቁመቷ ከእናቷ በልጦም ስሙ አልለቀቃት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግን ሌላ ስም ሰጥተዋታል። በሩን በከፈቱላት ቁጥር፣ «ሁለተኛ ፔሬድ መጣች!» ይላሉ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።

«አባዬ፣ ብርጭቆዋን ለምን አትተዋትም?» አለች ጠብታ።

«ብተዋትማ ሰው ምን ይላል? ‹ባለወተቱ የገዛ ወተቱን ፈራ› ነው የሚለው።»

«እሺ የፍየሉን ሞክረው።»

«ፍየል!» አባቷ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሃያ ዓመት ላም ያኖረችኝ ሰውዬ ዛሬ ከፍየል ሥር ልንበርከክ? ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ!»

ተረቱ ከጉዳዩ ጋር ምን እንዳገናኘው ጠብታ አልገባትም። ፍየል የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ዘጠኝ ጊዜ አርፍጃለሁ፣ አባዬ። ዘጠኝ! አሥር ከሞላ ፈተና አልቀመጥም። በጽሑፍ ነው የሰጡን፣ አንተው ራስህ ፈርመህበታል።»

«ነገ ይሻለኛል።»

«ይህን ማለት ከጀመርክ ሦስት ወርህ!»

«ልጅቷ ወሬ አበዛች» አለ ለእናትየው። እናትየው ጭልፋውን አጥባ ሰቀለች፤ መግለጫዋ አልቋል።

በማግሥቱ፣ ለጥቂት ሳታረፍድ ከዋለችበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ጠብታ ወደ ቤት አልሄደችም። ሦስት መንገድ አልፋ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባች። ሰፊዋ ከስፌት ክፍላቸው ጀርባ ሁለት ፍየሎች ያረባሉ። ስፌቱን ለእንጀራ፣ ፍየሎቹን ለብስጭት ነው የያዝኳቸው ይላሉ፤ አንደኛዋ በቀደም የደንበኛ ሱሪ አንድ እግሩን በልታለች።

«የባለወተቱ ልጅ አይደለሽ እንዴ?» አሉ ሰፊዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው። «አባትሽ ቤት ወንዝ እየፈሰሰ ከኔ ዘንድ ጠብታ ፍለጋ?»

«ለራሴ ነው፣ እትዬ። በየቀኑ አንድ ብርጭቆ። ማታ ማታ ለፍየሎቹ ቅጠል አመጣለሁ።»

ሰፊዋ ጠርሙስ ፈለጉላት፤ አንገቱ ላይ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ሰማያዊ ክር ጠመጠሙበት። «አጠቢው። ሳታፈይው አትጠጪው» አሉ። «እኔ ደግሞ ምንም አልጠየቅኩም።»

የቀረው ቀላል ነበር። የአባቷን ብርጭቆ አፍልታ ወደ ሱቅ የምታመጣው ራሷ ጠብታ ናት። ወተት ደግሞ ነጭ ነው፤ የላምም ይሁን የፍየል። በማግሥቱ ጠዋት አባቷ ብርጭቆውን ተቀብሎ ጭልጥ ሲያደርግ እሷ ከመጋረጃው ኋላ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች። አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። ምላሱን አጣጣመ። ግንባሩ ትንሽ ተቋጠረ።

በቃ፣ ተበላሁ አለች በልቧ።

«ይህች ላም» አለ አባቷ ቀስ ብሎ፣ «ትናንት አዲስ ሣር በልታለች!»

ሰልፈኛው አጨበጨበ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ አለፈ፤ የአባቷ ሆድ ድምፅ የለውም። ጠብታ ትምህርት ቤት የደረሰችው ከዘበኛው በፊት ነበር ማለት ይቻላል። ዘበኛው የጎደለባቸው ነገር ያለ ይመስል እያገላበጡ አዩዋት።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ነገር ግን ጠብታ የጠበቀችው ሰላም አልመጣም፤ ምክንያቱም አባቷ ዝም ብሎ መዳን አያውቅም። መጀመሪያ ለእናትየው ጎረረ። «ሐኪም ተብዬው! የላም ወተት ተው ይለኛል! ይኸው እየጠጣሁ ዳንኩ።» ቀጥሎ ለሰልፈኛው ጎረረ። ቀጥሎ ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለጫማ ጠጋኙ፣ ሰላም ላለውም ላላለውም። ጠብታ በየምሽቱ እሾህ ውስጥ ገብታ ቅጠል ትለቅማለች፣ እጇ ተጫጭሯል፣ ሹራቧ ፍየል ፍየል ይሸታል፣ ምስጋናውን የምትወስደው ግን አንዲት የማታውቃት ላም ናት።

ረቡዕ ጠዋት ተራው የዳኛው ሆነ። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን አሁንም «ክቡር ዳኛ» ነው የሚላቸው። ሆዳቸው እምቢ ስላላቸው እሳቸውም ወተት ካቆሙ ወራት አልፏል። የሚመጡት ለድመታቸው ግማሽ ሊትር ለመግዛትና ሰልፉን ለመዳኘት ነበር።

«ክቡር ዳኛ፣ እርስዎም ይጠጡ እንጂ!» አለ አባቷ። «የእኔም ሆድ እንደርስዎ ነበር። ይኸው በየቀኑ በዓይንዎ እያዩ እየጠጣሁ አይደል? ምን ሆንኩ? ወተቱ ራሱ መድኃኒት ነው!»

«ማስረጃው ጠንካራ ነው» አሉ ዳኛው፣ ዱላቸውን ወደ ባዶው ብርጭቆ ቀስረው። ለራሳቸው አንድ ሊትር አስቀዱ።

ጠብታ አፏን ከፈተች። ሰልፉን አየች። አባቷን አየች። ሰዓቱን አየች። አፏን ዘጋችና ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

አጠገቧ ለምትቀመጠው ጓደኛዋ በእረፍት ሰዓት ነገረቻት። «አቦ አታካብጂው!» አለች ጓደኛዋ። «ወተት እንጂ መርዝ አልሰጣቸው። ሰኞ ፈተና ነው፤ ሰኞን ተሻገሪና ከዚያ ትናገሪያለሽ።»

ሐሙስ ዳኛው አልመጡም። የመጣችው ልጃቸው ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። «አባባ ሌሊቱን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት አልወጡም» አለች። «ቁርጠቱ ገደላቸው። አሁንም እንደተኙ ናቸው።»

«ሌላ የበሉት ነገር ይኖራል» አለ አባቷ። «እኔም ከዚያው ጣሳ ነው የጠጣሁት። ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ዋሽቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። አባቷ ግን ከልቡ ነው፤ ያመነውን ነው የሚናገረው። የሚዋሸው ብርጭቆው ነው። ብርጭቆውን የሞላችው ደግሞ እሷ።

ቀኑን ሙሉ መምህሩ የተናገሩት አንድም ነገር ጆሮዋ አልገባም። ብትናገር አባቷ በእልህ ወደ ላም ወተቱ ይመለሳል፤ ያኔ ዓርብ ጠዋት መስፈሪያው እጇ ላይ ነው፣ አሥረኛው ማርፈድ መዝገብ ላይ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ሌሎቹ ሲፈተኑ እሷ ከበሩ ውጭ ናት። ዝም ብትል ዳኛው ነገም ይጠጣሉ፤ ማስረጃው ጠንካራ ነዋ! ሁሉም አዋቂ ነኝ ባይ የየራሱን ሞኝነት ሠርቶ ሲያበቃ ማጽዳቱ ለምን የእሷ ሥራ እንደሚሆን ልታውቅ ፈለገች።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወጣች። አባቷ ትልቁን የወተት ጣሳ አጋድሞ ውስጡን በፈላ ውሃ እየፈተገ ነበር።

«አባዬ፣ ስትጠጣ የከረምከው የላም አይደለም።»

ብሩሹ አልቆመም። «ምን?»

«የፍየል ነው። ከሰፊዋ አምጥቼ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ለዚህ ነው ሆድህ የተሻለው። ዳኛው የጠጡት ግን የላሙን ነው።»

ብሩሹ ቆመ። ጣሳው ውስጥ የነበረው ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ፈሰሰ።

«ስንት ቀን?»

«አሥራ አራት።»

አባቷ ጣሳውን ቀና አደረገ። «አዲስ ሣር በልታለች ስል?»

«የሰፊዋን አጥር ነበር የበላችው።»

እንዲጮኽ ጠበቀች። ቢጮኽ እሷም ትጮኻለች፤ የተዘጋጀ ብዙ ነገር ነበራት። ዘጠኙን ቀን አንድ በአንድ ልትቆጥርለት ነበር። አባቷ ግን ብሩሹን አነሳና፣ «ሂጂ፣ አጥኚ» አለ።

እራት ላይ አላናገራትም። ጨው አቀብይኝ ሲል እንኳ እናትየውን ነበር ያያት። እናትየው ባሏን አየች፣ ልጇን አየች፤ መግለጫ የሚወጣበት ማታ እንዳልሆነ ገባትና እራቷን በላች።

ዓርብ ጠዋት ጠብታ ምድጃው ፊት ቆመች። በአንዱ ድስት የላሙ ፈልቷል፣ በሌላው የፍየሉ። አባቷ የትኛውን እንድታመጣ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። መምረጥ ሰልችቷታል፤ መደበቅማ አንገሽግሿታል። የላሙን ባንድ ብርጭቆ ሞላች። የፍየሉን መልሳ ሰማያዊ ክር ወደ ተጠመጠመበት ጠርሙስ አንቆረቆረች። ሁለቱን ከአንድ ባዶ ብርጭቆ ጋር ትሪ ላይ ደርድራ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ትሪውንም ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ባንኮኒው መሐል አስቀመጠችው።

ሰልፉ እስከ በሩ ነበር። ከፊት የቆሙት ዳኛው ናቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈዋል። እንደ ተበዳይም እንደ ዳኛም ነበር የመጡት።

ጠብታ ቦርሳዋን አዘለች። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል። መሄድ ነበረባት፤ እግሯ ግን በሩ ሥር ቆመ።

አባቷ ትሪውን አየ። እሷን አላያትም። እጁ ወደ ሞላው ብርጭቆ ሄደ፤ ሰልፈኛው ለጭብጨባ ተዘጋጀ። እጁ እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋው፣ ጠርሙሱን ከፈተ፣ ባዶውን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልቶ ጭልጥ አደረገው። ገልብጦ አላሳየም። ስለ ሣርም አላወራም።

ማንም አላጨበጨበም።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው።

«የፍየል ወተት።»

«የላም ወተት ሻጭ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ይኸው በጣሳ ሙሉ አለ። ለሚስማማው ሰው ጥሩ ወተት ነው።» አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «እርስዎ ግን አይጠጡት፣ ክቡር ዳኛ። ረቡዕ የነገርኩዎት ስህተት ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የፍየሉ ይስማማዎት እንደሆነም ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ እኔን አይጠይቁኝ።»

ዳኛው ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱ። «እንዲህ አድርገህማ አታመልጥም! በዓይኔ በብረቱ ስትጠጣ አይቻለሁ። ያኔ ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ማን ቀዳው? ለምን?»

ሰልፈኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጠብታ የበሩን እጀታ ጨበጠች። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ መስፈሪያውን አነሳ።

«አልናገርም» አለ። «ቀጣይ!»