ከአልጋው ሥር የነበረ ጫማ

ኢንስፔክተር ደመቀች በጤና ጣቢያው ደጃፍ ቆማ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ትፍቃለች። ጉሙ የጣርማ በርን መንገድ ጠርዝ ውጦታል። ጭቃው ቀይ ነው፤ ለግቢው መደልደያ የተደፋው አፈር ዝናብ ሲነካው እንደ ሙጫ ይይዛል። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት ጥቁር ነበር።

ነርሷ ናዝራዊት በሩን ከፈተች።

«ሊያስሩኝ ነው የመጡት?»

«እስካሁን ያገኘሁት ጭቃ ብቻ ነው። የሆነውን ንገሪኝ።»

«ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የበግ ጠጉር ባና ሸማኔው ኃይለ ገብርኤል በባጃጅ መጣ። ትኩሳቱ አምስት ቀን ይዞት ለቆት ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ተመለሰበት። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ተጠማዘዘ ክር በመሰለ ተህዋስ ተሞልቷል። ግርሻ ነው፤ የልብስ ቅማል የሚያስተላልፈው።»

«ከዚያስ?»

«ካፖርቱን አውልቄ፣ ይቀቀላል ብዬ ከረጢት ውስጥ ቋጠርኩት። ጫማውን ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩ። አራት ሰዓት ላይ ፔኒሲሊን ወጋሁት፤ ትንሹን መጠን። እስከ ነገ እንዳትነሳ አልኩት። ከዚያ ወላድ መጣችብኝ። ስመለስ ሞቷል፤ እስከ ራሱ ድረስ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር።»

«ከረጢቱስ?»

«በማግስቱ ባዶውን አገኘሁት። ለቅሶ ቤት ሄዶ ስለ ካፖርት መጠየቅ... አፈርኩ።» ወደ ባዶዎቹ አልጋዎች ዞረች። «አሁን በሁለት ቤት ትኩሳት ገብቷል። የኔን መርፌ የሚቀበል ግን የለም።»

በሟች ቤት፣ ያለው የተባለው ታናሽ ወንድሙ ቡናማ ካፖርት ደርቦ ከበሩ እስከ መስኮቱ ይመላለሳል። ጥቂት ይቀመጥና አንገቱን አክኮ ይነሳል። ነርሷን የከሰሰው እሱ ነው።

«ፖሊስና መርፌ አንድ ናችሁ» አለ። «ሁለታችሁም አይዞህ ብላችሁ ነው የምትወጉት።»

«ትኩሳት አለብህ እንዴ?»

«የለብኝም።» ጥርሱ ግን ተንገጫገጨ።

«ከትናንት ጀምሮ እንደ እሳት ይነዳል» አለች የሟች ሚስት እናትነሽ። «ጋሼን በገደለ መርፌ አልወጋም ብሎኛል። ኢንስፔክተር፣ እኔ በዚህ ቤት ሁለተኛ ለቅሶ አልችልም።»

«ካፖርቱ የማን ነው?»

«የጋሼ» አለ ያለው። «ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለብሼዋለሁ። የወንድም ልብስ የወንድም ነው።»

«ከቆላ የመጣ የቀን ሠራተኛ ጉም ይዞት እኛ ጋ አድሮ ነበር» አለች እናትነሽ። «ባለቤቴ ለሌሊቱ ያንን ካፖርት አለበሰው። ከለቅሶው በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤቱን ልብስ በሙሉ አስቀቅላናለች፤ ያለው ግን ካፖርቱን አልሰጥም አለ።»

«አስከሬኑ ቤት ሲመጣ ምን ለብሶ ነበር?»

«ይሄንኑ። ጫማውንም አድርጎ።»

«ጫማው አለ?»

እናትነሽ ከሳጥኑ ኋላ አወጣችው። «እንዳለ ነው፤ ማጠብ አልቻልኩም።» ሶሉ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል።

«ያን ቀን ዝናቡ መቼ ጀመረ?»

«ስናደርሰው መንገዱ አቧራ ነበር። ሲስተር ከወጋችው በኋላ አጥሚት ላመጣለት ወደ ቤት ስመለስ ነው የወረደብኝ።»

«እሱ ጋ ማን ቀረ?»

እናትነሽ ያለውን አየችው። ያለው መስኮቱን አየ።

ደመቀች ጫማውን በፌስታል ይዛ ተነሳች። «ሁላችሁንም ጤና ጣቢያው ውስጥ እፈልጋችኋለሁ። አሁኑኑ።»

ኃይለ ገብርኤል በሞተበት አልጋ ዙሪያ ቆሙ።

«ያን ቀን ሦስት ሰዎች ቀርበውታል» አለች ደመቀች። «እናትነሽ አጥሚት ይዘው ሲደርሱ ሞቶ ነበር፤ አጥሚቱ ከንፈሩን አልነካም። ናዝራዊት፣ የግርሻ በሽተኛ ሲወጋ ምን ይሆናል?»

«ይንቀጠቀጣል። ሰውነታችን ተህዋሱን በልብሱ ይለየዋል እንበል። ለይቶ ይገድለዋል፤ ጥቂቶቹ ግን ልብስ ቀይረው ይሸሸጋሉ፣ ይራባሉ። ትኩሳቱ የሚያገረሸው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ሁሉንም ባንዴ ይፈጃቸዋል። ስብርባሪያቸው ደም ውስጥ ሲበተን ሰውነት ይቆጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ከዋለ ያልፍለታል። ከቆመ ግን ልቡ ሊከዳው ይችላል።»

«ከቆመ።» ደመቀች ጫማውን ከፌስታሉ አወጣች። «ለሬሳ ካፖርትና ጫማ ማልበስ ይቻላል። ሬሳ ግን ጭቃ አይረግጥም። ይሄ ቀይ ጭቃ የሚገኘው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጭቃ የሆነውም ከመርፌው በኋላ ነው። ስለዚህ ኃይለ ገብርኤል ከተወጋ በኋላ ለብሶ፣ ተጫምቶ፣ በእግሩ ወጥቷል። ያለው፣ ማን አስነሳው?»

ያለው የአልጋውን ብረት ያዘ።

«ሲንቀጠቀጥ ያበቃለት መሰለኝ። ቤቱ ላድርሰው አልኩ። ደጅ የቆሙት ቃሬዛ ሊያመጡ ሄዱ። አባታችንን በቃሬዛ ይዘነው ስንገባ ሰፈሩ በቁሙ አልቅሶለታል፤ እየሰማ። ጋሼ ያን አይሰማም ብዬ ሳይመለሱ በእግሩ አስነሳሁት... አሥር እርምጃ አልሄደም። እጄ ላይ ነው የቀረው። ተሸክሜ መለስኩት።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይችን ልጅ ስታስረግመኝ!» አለች እናትነሽ።

«እኔ ነኝ ከምል መርፌው ነው ማለት ቀለለኝ፣ እትዬ።» እጁን ለደመቀች ዘረጋ። «ይሰሩኝ።»

«መጀመሪያ ተኛ። ካፖርቱ ቅማሉን አውርሶሃል። ቃልህን ስትድን እጽፋለሁ።»

ያለው ካፖርቱን አወለቀ። ናዝራዊት ከረጢት ውስጥ ቋጥራ ለማብሰያ ቤቱ ላከችው። ደሙን ወስዳ መረመረች፤ ከዚያ መርፌውን ይዛ ተመለሰች።

«እጅሽ አይንቀጥቀጥ እንጂ» አላት።

«ያንተ እስኪቆም እየጠበቅኩ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ መጣ። አልጋው ተንኳኳ። ናዝራዊት የደም ግፊቱን እየለካች ከራስጌው አልተነቃነቀችም።

«እትዬ፣ ልነሳ... ቤቴ ልሂድ።»

«አትነሳም» አለች እናትነሽ።

ጎንበስ ብላ እሱ ያወለቀውን ጫማ ከአልጋው ሥር አወጣች። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ መዛ ጠቀለለቻቸው። ጫማውን ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ተቀመጠች።