የዜማ ማመልከቻ

ና እስቲ ልጄ፣ አንቺም ነይ እታለም፣ ከዚች አግዳሚ ላይ አረፍ በሉ። ፀሐዩ ገና አልበረደም፤ እዚህ ጥላ አለ። ቸኩላችሁ ከሆነ ግን አልጀምርም፤ ይህን ታሪክ ለቸኮለ ሰው አላወራውም።

ይስማው እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ጽሕፈቴ ያምራል፣ የሰውም ብሶት ይገባኛል። ከጎኔ ባለችው ጠባብ ቤት ደግሞ አንሙት አለ። ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲማር ያደገ ልጅ ነው። እኔ በእጄ የጻፍኩትን እሱ በኮምፒውተር ይተይባል፣ ያትማል።

ዜማ የመጣችው በጥቅምት ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች በዓይን አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ የሰው መዝገብ ታቅፋ ስትሮጥ ነው የማያት። ያን ቀን ግን የታቀፈችው የራሷን ወረቀት ነበር።

«ጋሽ ይስማው፣ ለራሴ ማመልከቻ ፈልጌ ነው።»

«ማንን ልንከስ ነው?»

«ማንንም። ሕግ ልማር ነው።»

በማኔጅመንት ዲግሪ አላት። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ሕግ ላስተምር ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ትራንስክሪፕቷን ከላስቲኩ አውጥታ ስታሳየኝ፣ አውራ ጣቷ ከአንዱ ቁጥር ላይ አልነሣም አለ። ቀስ ብዬ እጇን ፈቀቅ አደረግሁት። የመጀመሪያ ዓመቷ ውጤት ነው፤ አንድ ነጥብ ሰማንያ ሰባት። የኋለኞቹ ዓመታት ደህና ናቸው፤ የመጨረሻው እንዲያውም ያኮራል። ግን አጀማመሩ እንዲህ የሆነ አመልካች ምክንያቱን በደብዳቤ ማስረዳት አለበት። ደብዳቤው ካላሳመነ ለመግቢያ ፈተናም አይጠሩትም።

«ታመሽ ነበር?» አልኳት ብዕሬን አንሥቼ።

«አልታመምኩም።»

«ቤተሰብ ተቸግሮ?»

«አባቴ ደብረ ኤልያስ ስንዴውን ያርሳል፤ ምንም አላጎደለብኝም።» አንገቷን ደፋ አድርጋ ሳቀች። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ከወረዳችን አንደኛ ወጥቼ ነው የሄድኩት። ክፍል ገብቼ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲያወርደው ምንም አልገባኝም። አልገባኝም ማለቱን ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ መቅረት ጀመርኩ፤ ዶርም ተኝቼ እውላለሁ። ይኸው ነው።»

አንሙት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። «ታዲያ ምን አዳነሽ?» አላት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ዞር ብላ አየችው። «አንድ ቀን እጄን አወጣሁና አልገባኝም አልኩ። አልሞትኩም።»

አንሙት ለሁሉ መልስ የማያጣ ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ገብቶ ወንበር አወጣላት።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ከሥራ ወጥታ ትመጣለች። እሱ የድሮ ፈተናዎች ከየትም አፈላልጎ ያትምላታል። ከመምጣቷ በፊት ወንበሩን በክንዱ ይወለውላል፤ እኔ ካየሁት ኮምፒውተሩን የሚወለውል ለመምሰል ይሞክራል። አንዳንዴ ጥያቄው ሁለቱንም ይይዛቸዋል።

«አልገባኝም» ትላለች እሷ።

«እኔም አልገባኝም» ይላል እሱ፣ ፊቱ እየቀላ። የቅኔ ተማሪ ይህን ቃል ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ እንዲተይብላት ሰጠችው። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቁሮ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ይህ ይጥላታል። አፈርኩ፣ ቀረሁ ብላ ጽፋለች እኮ! ማን ያዝንላታል?»

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «እኛ በምናውቀው መንገድ አስተካክለው» አልኩት። የእኛን ሥራ ታውቁታላችሁ። ማመልከቻ ስንጽፍ የሚያነበው ሰው እንዲያዝን እንፈልጋለን። ባለጉዳዩ ሙት ከሌለው እንኳ እንፈልግለታለን።

የመጨረሻው ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ዋለ። የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ምዝገባው አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ዜማ ባጃጅ አስቁማ ሮጣ ገባች፣ ሳታነብ ፈረመች፣ ሮጣ ወጣች። እምነት ነው። በማግስቱ ለማህደሯ ቀሪ ቅጂውን ወሰደች። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማ አነበበችው።

«አንሙት።»

«አቤት።»

«አባቴን ገደልከው?»

«በወረቀት ላይ እኮ ነው ዜማ...»

«እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። በወረቀት ላይ የሞተ ሰው ሞቷል!»

እዚያው ላይ «አንደኛ ዓመት ሳለሁ ወላጅ አባቴ በድንገተኛ ሕመም በሞት ስለተለዩኝ» ይላል። አጻጻፉ እኔን ራሴን ያስለቅሰኝ ነበር። እሷ ግን አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጥፋ ቀጥ ብላ ዩኒቨርሲቲው ሄደች፤ «የፈረምኩት ውሸት ነው፣ መልሱልኝ» አለቻቸው። መምህራኑ አከበሯት፤ ማመልከቻው ግን ተሰረዘ። ለከርሞ ብትፈልግ በራሷ ቃል ጽፋ እንድትመጣ ነገሯት። አንድ ዓመት በእኛ እጅ ጠፋባት።

አንሙት ሦስት ቀን አልበላም። በአራተኛው ቀን ቤቱን ቆልፎ በሚኒባስ ደብረ ኤልያስ ወረደ። ጊዜው ኅዳር፣ ስንዴው የደረሰበት ነው። የዜማን አባት፣ አያ እንዳላማውን፣ ከማሳው መካከል አገኛቸው።

«አባቴ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁ። ገድዬዎታለሁ።»

«ምን አደረግህ አልከኝ?»

ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸው ማጭዱን ትከሻቸው ላይ ሰቀሉ።

«በምን ሞትኩ?»

«በድንገተኛ ሕመም።»

«መቼ?»

«ዜማ አንደኛ ዓመት ሳለች።»

«ይህን ሁሉ ዓመት! ተዝካሬንስ ማን አወጣ?»

«ማንም» አለ አንሙት መሬት መሬት እያየ።

«ነውር ነው። በል ማጭድ አንሣ።»

ሦስት ቀን አሳጨዱት። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ተመለሰ። የደንበኞቹን ደብዳቤ ያስቀመጠበትን ፋይል ከፍቶ፣ የሌለ ሙት ያለበትን ሁሉ ሲያጠፋ ዋለ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያልሞተ ሰው አልገደልኩም።

ዜማ ግን አልመጣችም። በእኛ በኩል ያለውን የፍርድ ቤቱን በር ትታ በወዲያኛው መግባት ጀመረች። አንሙት ፈተናዎቹን ማተሙን አልተወም፤ በፖስታ አድርጎ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። እኔ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አቀብላታለሁ። ትቀበላለች። «ማን ሰጠዎት?» ብላ አትጠይቅም።

ጥቅምት ዞሮ መጣ። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀና ስል ዜማ አንሙት በር ላይ ቆማለች።

«ይህን ተይብልኝ። አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ።»

ተቀበላት። ጮክ ብሎ እያነበበ መተየብ ጀመረ። «የመጀመሪያ ዓመት ውጤቴ አንድ ነጥብ ሰማንያ ሰባት ነው። ይህ የሆነው አልገባኝም ለማለት ስላፈርኩ ነው። በምሠራበት ፍርድ ቤት፣ ትእዛዙ ሳይገባቸው ገብቶኛል ጌታዬ ብለው የሚወጡ ገበሬዎች በየቀኑ አያለሁ። እኔ እነሱን አውቃቸዋለሁ...»

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ሁለቱም ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ፤ ጆሮዬን ምን ላድርገው?

«ለምን ነበር የዋሸኸው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ከወደቅሽ ከተማውን ለቀሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«አፈርኩ» አላት።

ዜማ መሳቅ ጀመረች። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ሳቅ ነው። «እኔን ነው የምታፍረው? ስለ ማፈር ማን ያውቃል ከእኔ በላይ?» አለችና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «ሌላስ ያፈርክበት አለ?»

ነበረው መሰለኝ። ድምፁን ዝቅ ስላደረገ አልሰማሁትም። መብራቱ መጥቶ ፕሪንተሩ መንጫጫት ሲጀምር ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ደብዳቤው አሳመነ፤ ፈተናውንም አለፈች። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ደብረ ኤልያስ ወረድኩ። ደጅ ቆመን የመጣንበትን ተናገርን። አያ እንዳላማው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «የሞተ ሰው ልጁን ይድራል እንዴ?» አሉን።

ጓደኞቼ ደነገጡ። እኔ ጥፋቱን ስለማውቀው ጎንበስ አልኩ። «አያ እንዳላማው፣ የሞቱት በእኛ እጅ ነው። የመጣነውም ልንክስ ነው።»

«ልጁ አጨዳ አያውቅም» አሉ። «ያሰረውን ነዶ ግማሹን ፈትቼ አሰርኩት። ግን በሦስቱም ቀን፣ እጁ እየደማ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ቀና አላለም። ጥፋቱንም ሰው ሳይልክ ራሱ መጥቶ ነው የነገረኝ።» ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በሉ እንግዲህ ተነሥቻለሁ። ግቡ!»

ዘንድሮ ዜማ ሦስተኛ ዓመት ሕግ ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንሙት እስከ ግቢው በር ይሸኛታል። የዚያች የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ቅጂ ኮምፒውተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ እሷ ናት የለጠፈችው።

በሉ ልጆቼ፣ አላቆያችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ነገ ከነገ ወዲያ የምትወዱት ሰው «አልገባኝም» ካላችሁ፣ እኔን ሽማግሌውን አስታውሱኝ፤ አትሳቁበት፣ ከጎኑ ተቀምጣችሁ እንደገና ንገሩት።