እትዬ ዘነበችን ማን ጠራቸው?

ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ጂን፣ መንፈስ፣ ምናምን በሚባል ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ ለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ያለው ፍላታችን ውስጥ ግድግዳው ሲንኳኳ ጎረቤቴ መዝሙረ ዳዊት ይደግማል፣ እኔ ደግሞ የውሃ ማሞቂያውን፣ ቦይለሩን፣ ቼክ አደርጋለሁ፣ እስካሁንም ጥፋተኛው ቦይለሩ እንጂ ሰይጣን ሆኖ አያውቅም። ይህን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ስቄ ነበር የምሸኘው።

የአባቴ እህት እትዬ ዘነበች ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር፣ ለንደን ውስጥ ከሱቅ ሱቅ መዞሩ ሲሰለቻቸው "እስቲ ባሕር አሳየኝ" አሉኝ፣ ባሕር ከተባለ ደግሞ ሰው የማይጋፋበት ይሻላል ብዬ ዌልስ ጫፍ ላይ ወዳለች፣ ድሮ ወርቅ ይቆፈርባት ወደነበረች ትንሽ ከተማ በመኪና ወሰድኳቸው። ጸጥ ያለች ናት ብልህ ጸጥታዋ ሌላ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ የሚሰማው የባሕር ወፍ ብቻ ነው። ውሻ የሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ ከኋላችን ያለውን ኮረብታ እያሳየ፣ ወርቁ እዚያ ይወጣ እንደነበር፣ አሁን ግን ዋሻዎቹ ስላረጁ ማንም እንደማይገባባቸው ነገረን። ለእትዬ የተረጎምኩላቸው ግማሹን ብቻ ነው፣ ወርቅ ነበረ አልኳቸው፣ አይገባም የሚለውን ዘለልኩት፣ ማን ይገባል ብዬ?

ኮረብታው ሥር ስንንሸራሸር ከአንዱ ዋሻ አፍ ቀላ ያለ ውሃ ሲፈስ አዩ፣ በቃ፣ ቆሙ።

"የማን ጠበል ነው?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ጠበል አይደለም፣ የድሮ ወርቅ ማውጫ ነው እኮ።"

"ከተራራ ሆድ የሚፈልቅ ውሃ ዝም ብሎ አይፈልቅም። ጉልበቴ እንዴት እንደሚያመኝ ታውቃለህ፣ ሂድና ዕቃ አምጣልኝ።"

ከእሳቸው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላመጣ ወደ መኪናው ወረድኩ።

ስመለስ የሉም። ጫማቸው ግን ዋሻው አፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ ጠበል ቦታ በጫማ አይገባማ። ያንን የታመመ ጉልበት ይዘው ጨለማ ውስጥ መግባታቸው የገባኝ ያኔ ነው፣ ሮጥኩ፣ ልጠራቸው ብል ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ፣ እመነኝ፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ ከውስጥ ኳ... ኳ... ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መዶሻ ድንጋይ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። ልማድ ሆኖብኝ ቧንቧ ፈለግኩ፣ ቧንቧ የለም፣ ሽቦ የለም፣ ድንጋይ ብቻ ነው። ድምፁ ቆመ። ወዲያው እትዬ ከውስጥ፣ ሰው እንደጠራው ሰው፣ "አቤት! መጣሁ" አሉ።

እኔ አልጠራኋቸውም፣ በአካባቢው ደግሞ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል፣ እጃቸውን ይዤ ጥቂት እንደተራመድን ከኋላችን ጣሪያው ተደረመሰ። አቧራው ሲበተን የዋሻው አፍ የለም፣ ጫማቸውም የለም። አልደብቅህም፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ደስታ ነው ያስለቀሰኝ፣ ለልጆቻቸው ምን ብዬ እደውል ነበር?

"እንኳን ጠራኸኝ ልጄ" አሉ እየተንቀጠቀጡ፣ "ትንሽ ብቆይ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።"

ይረጋጉ ብዬ "አዎ፣ ጠራሁዎት" አልኳቸው፣ ካልሲዬን አውልቄ አጠለቅኩላቸውና ወደ ለንደን ነዳሁ።

መንገድ ላይ ተኝተዋል ስል ድንገት ዞር አሉ። "ቆይ ግን፣ የክርስትና ስሜን ማን ነገረህ? የሚያውቁት እናቴና የነፍስ አባቴ ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱም ካረፉ ስንት ዘመናቸው።"

"አባዬ ነው የነገረኝ" አልኩ፣ አባቴ ሞቷል፣ አይመሰክርብኝም።

"ለካ ወንድሜ ያውቅ ኖሯል" አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

አሁን አገራቸው ገብተዋል፣ ደህና ናቸው፣ ጉልበቴ ሳይቀር ተሽሎኛል ይላሉ፣ በደወሉ ቁጥር ተመስገን እላለሁ፣ ድምፃቸውን ስሰማ የምር ቅልል ይለኛል። ችግሩ ልንሰነባበት ስንል ነው። "እስቲ በዚያች ስሜ አንዴ ጥራኝ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የጠራኝ የለም" ይሉኛል። እኔም ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ እዘጋለሁ።