እስከ አራት የቆጠረ ሰው

ሞተሮቻችሁን አጥፉና ቅረቡ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚህ እስከሚቀጥለው መብራት ስልሳ ኪሎ ሜትር አለ። በመካከሉ ቤት የለም፣ ውኃ የለም። ያኔም እንዲሁ ነበር።

ቀረባችሁ? ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እዚሁ በረሃ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መንደር ዳር፣ የጭነት መኪኖች ፍተሻ እየጠበቁ ሰፊ ሜዳ ላይ ይቆሙ ነበር። አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። የቆመ መኪና ጋቢና ምድጃ ነው። ታዲያ ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ሞተሩን አስነስቶ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ይተኛል። እኔ ግን አላደርገውም ነበር። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ሦስት ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። አምስት ሰዓት ከሠራ አስራ አምስት ሊትር። አንድ እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ።

እኔ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። የመኪናውን ፊት ከከሰዓት ፀሐይ አዞራለሁ። የፊት መስታወቱን ከውጭ በካርቶን እሸፍናለሁ፤ ከውስጥ የሚሸፍን ሰው ሙቀቱን ካስገባ በኋላ ነው የሚሸፍነው። ነፋስ በሚመጣበት በኩል መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ እሰቅላለሁ። በወዲያኛው መስኮት አራት ጣት ክፍተት እተዋለሁ። ጆንያው በየሰዓቱ ሁለት ጣሳ ውኃ ይበቃዋል። እንዲህ አድርጌ እተኛለሁ። ይህንንም ለማይችል ከተሳቢው ስር ጥላ አለ።

ከስር መተኛት ግን ሕግ ነበረው። ሹፌሩ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የኋላ ጎማውን በብረት ሦስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ አስር ይቆጥራል። ለምን አስር? የተኛ ሰው ነቅቶ፣ የት እንዳለ አስታውሶ፣ ተንከባልሎ እስኪወጣ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዳምጤ የሚባል ሹፌር ነበር። ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ሙቀት የማይችል ሰው። አጠገቤ ቆሞ ሞተሩን እያሠራ ይተኛል። አንድ ቀን በሰው ፊት ቀለድኩበት። የምትነዳው መኪና ነው ወይስ በረዶ ቤት አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀና «ክንፉ፣ አንተ እኮ ስትሞት ቀባሪዎችህን ትቆጥራለህ» አለኝ። ሰው የባሰ ሳቀ። እኔ ግን አልተውኩትም። ስንት ሊትር እንዳቃጠለ በየቀኑ ጮክ ብዬ እነግረው ጀመር። በሦስተኛው ቀን አፈረ። ሞተሩን አጠፋ። ጋቢናው አላስቀምጥ ሲለው ሽርጡን አገልድሞ፣ ሰሌኑን ይዞ ወደ እኔ መጣ። የእኔ መኪና ጥላ ይሻላል፣ እዚያ ስር ተኛ አልኩት።

አያችሁ? እኔ ነኝ ተኛ ያልኩት።

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ተራዬ ተጠራ። ተጠርቶ ያልቀረበ ወደ መጨረሻ ይመለሳል። ዳምጤ ተነስቶ ሄዷል ብዬ አሰብኩ። ቢሆንም ጎማውን ሦስት ጊዜ መታሁ። አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። ሦስት አልኩ። አራት አልኩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሹፌር ክላክሱን ደጋገመው። ገባሁ፣ አስነሳሁ፣ ሄድኩ።

የቀረውን አልናገርም።

ሲጠይቁኝ አስር ቆጥሬያለሁ አልኩ። ማን ይጠራጠረኛል? ሁሉን የምቆጥር ሰው ነኝ። እንግዲያው እንቅልፉ ከባድ ነበር አሉ። ሚስቱ አስካለች እንኳ ለቅሶው ላይ እጄን ይዛ፣ እንቅልፉ ከባድ ነበር፣ አንተ ምን ታደርግ አለችኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ሌሊት እዚያው ሜዳ ላይ ብቻዬን ቆሜ አደርኩ። ሊነጋ ሲል ልነሳ ብዬ ጎማውን ሦስት ጊዜ መታሁ። አፌን ሳልከፍት፣ ከተሳቢው ጫፍ፣ ከስር፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አምስት።»

ጆሮዬ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ጉዞ፣ እዚያው ቦታ፣ «ስድስት።» ትንሽ ቀረብ ብሏል። በሦስተኛው ጉዞ «ሰባት።» አራት ላይ ማቆሜን ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? እስቲ ንገሩኝ፣ ማን ያውቃል? «ስምንት» ሲል ትንፋሹን ሰማሁት። «ዘጠኝ» ሲል ከእግሬ ስር ነበር። በየጊዜው ምን አደረግሁ? ሮጬ ገባሁ፣ አስነሳሁ፣ ሄድኩ። እንደዚያን ቀን።

በስድስተኛው ጉዞ ጎማውን መታሁ። ጠበቅሁ። ድምፅ የለም። ጠበቅሁ። ነፋስም የለም። ወደ ጋቢናው ልወጣ እግሬን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ያኔ ባትሪዬን አበራሁና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሰሌኑ ተዘርግቷል። ዳምጤ በጀርባው ተኝቷል። ዓይኑ ክፍት ነው። ሽርጡን እስከ አገጩ ስቦ ይንቀጠቀጣል። እኔ በላብ ርሼ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ እሱ ይንቀጠቀጣል።

«ክንፉ፣ በረደኝ» አለኝ። «ሞተሩን አስነሳልኝ።»

ሰማችሁ? አጥፋ ብዬ ያሳፈርኩት ሰው አስነሳልኝ አለኝ። ያጠፋው በእኔ ምላስ ነው። አራት ነበር ዳምጤ፣ አራት ላይ አቆምኩ አልኩት። ላስነሳለት ብዬ ስነሳ እጁን ዘረጋና እንደ በረዶ በቀዘቀዘ መዳፉ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። እስኪነጋ አለቀቀኝም። ሲነጋ ሰሌኑም የለ፣ እሱም የለ።

ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም። ዛሬ ሰባት መኪና አለኝ፣ ሰው ይነዳልኛል። ለዳምጤ እውነቱን ነግሬዋለሁ። ለአስካለች ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። በየሙት ዓመቱ ትጠራኛለች። እንቅልፉ ከባድ ነበር ትላለች። እኔም ያቀረበችልኝን በልቼ እመጣለሁ።

ልጆቼ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ብቻችሁን ግን አትዩ።

የማታምን ካለህ ይኸው ቁርጭምጭሚቴ። ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ይሰማሃል አይደል? አንተ ቅርብ ነህ። እጅህን አምጣ። ንካው።