ማለዘቢያው

አምባሳደሮቹ ከመቀመጣቸው በፊት ውኃ መጠጣታቸውን፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰው መምጣታቸውንና ልባቸው ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ የረድኤት ሥራ ነበር። ከዚያ የወንበራቸውን ቀበቶ ታስርላቸዋለች፣ ግንባራቸው ላይ ቀጭን ጥብጣብ ትለጥፋለች፣ በመጨረሻም «መልካም ሙቀት ይሁንልዎ» ትላቸዋለች። ይህችን ቃል ሠራተኞቹ የጀመሯት በቀልድ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ቀልድነቷ ተረሳና እንደ «እንደምን ዋሉ» ያለች ተራ ሰላምታ ሆና ቀረች።

አዳራሹ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ የአየር ንብረት ቃል ኪዳን ድርጅት የሚባለው የዓለም ተቋም ሕንፃ ውስጥ ነው። ድርጅቱ አገሮች የገቡትን ቃል እንዲፈጽሙ ለማድረግ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ፊልም አሳያቸው፤ በሊቃውንት አስመከራቸው፤ ሕፃናት መድረክ ላይ አውጥቶ አስለቀሳቸው። ሁሉም አልቅሶ፣ አጨብጭቦ፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። በመጨረሻ ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ «ማየትና መስማት ካልበቃቸው ይቅመሱት» አለና «ሙቀቱን እንካፈል» የተባለው ዘመቻ ተወለደ። በየዓመቱ፣ ድምፅ በሚሰጥበት ሰሞን፣ እያንዳንዱ አምባሳደር በሙቀት ከተጎዱት አገሮች የአንድን ሰው ስሜት እየተሰማው አንድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣል። ስሜቱን የሚልከው ሰው ከልብሱ ሥር «ተጋሪ» የሚባል ስስ ሸሚዝ ይለብሳል። ሸሚዙ የገላውን ግለት፣ የልቡን ምት፣ የትንፋሹን መክበድ እያነበበ በሳተላይት ይልካል፤ ወንበሩ ደግሞ የተላከውን በተቀማጩ ገላ ላይ ይደግመዋል።

እንዳለ አይደለም እንጂ። በላኪውና በተቀባዩ መካከል ማለዘቢያ ነበር፤ የሚመጣውን ስሜት ቀንሶ፣ ስለቱን አዶልዱሞ፣ የተከበረ ሰው ይችለዋል የተባለውን ያህል ብቻ የሚያሳልፍ መሣሪያ። እሱን የምትቆጣጠረውም ረድኤት ናት። ሥራዋ ሰውን ማሞቅ ነው ይሏታል፤ እሷ ግን አብዛኛውን ሰዓት የምታሳልፈው በማቀዝቀዝ እንደሆነ ታውቀዋለች።

«ዛሬ ማንን ሰጠሽኝ?» አለች ሞሚና በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ።

ሞሚና ሁመድ የአሳይታዋ ላኪ ናት። አስተማሪ ነች፤ እዚያ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ጎህ ሳይቀድ፣ የሚዘጋው ፀሐይ ጉልበት ሳታገኝ ነው። ከአባቷ ጋር ትኖራለች። እሷና ረድኤት በአካል ተገናኝተው አያውቁም፤ ነገር ግን ረድኤት የሞሚናን የልብ ምት ከራሷ ይልቅ ለይታ ታውቀዋለች።

«አምባሳደር ሶልቬግን» አለቻት።

«የበረዶው አገር ሴትዮ?»

«በረዶው ቀልጦ አልቋል። ስሙ ነው የቀረላቸው።»

«ጎበዝ ናት? ትችለዋለች?»

ረድኤት ልትዋሽ አሰበችና ተወችው። «አምና እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።»

ሞሚና ከት ብላ ሳቀች። «እኔ ስነድ እሷ ትተኛ! በይ ዘንድሮ ትራስ አቅርቢላት።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ዛሬ ግን ከወትሮው የተለየ ነው፣ ረድኤት። ከአዋሽ የሚነሳው እርጥበት አየሩን አወፍሮታል። ላብ ይመጣል እንጂ አይደርቅም። አባቴን ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ቤት አስገብቼዋለሁ።»

ጥላ ቤት ማለት ግማሹ ከመሬት በታች የተቆፈረ፣ በማሽን የሚቀዘቅዝ የሰፈሩ ሁሉ መጠለያ ነው። ከዓመታት በፊት ይኸው ድርጅት በሌላ ዘመቻ አሠራው፤ በሩ ላይ ዓርማው አለ። ማሽኑ ማንኮራፋት ከጀመረ ግን ወራት አልፈዋል። የሰፈሩ ሰው ባመለከተ ቁጥር «ተራችሁን ጠብቁ» ይባላል።

አምባሳደር ሶልቬግ ገብተው ተቀመጡ። ቁመታቸው ረጅም፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ነገራቸው ሁሉ የተቆጠበ ሴት ናቸው። መንግሥታቸው ቃል ኪዳኑን በሚያስፈጽመው የዘንድሮ ውሳኔ ላይ «አይሆንም» እንዲሉ አዟቸው እንደመጡ በሕንፃው ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ረድኤት ቀበቶውን አሰረችላቸው።

«መልካም ሙቀት ይሁንልዎ፣ ክብርት አምባሳደር።»

«አመሰግናለሁ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም እንደ ሌላው ዓመት ነበር። አንዱ አምባሳደር ከረባቱን አላላ፤ ሌላው በወረቀት አራገበ። ሶልቬግ መንቀላፋት ጀመሩ። ያኔ ነው የሞሚና የልብ ምት በረድኤት ሰሌዳ ላይ ሽቅብ የዘለለው።

«ማሽኑ ቆመ!» አለች ሞሚና። እየሮጠች ነበር። «ጥላ ቤቱ ቆሟል። ሰዎች እየጮኹ ነው። አባቴ እዚያ ውስጥ ነው!»

«ሞሚና፣ በዚህ ሰዓት ውጭ መውጣት የለብሽም! ሞሚና!»

በማዳመጫው የሚሰማው የእግር ኮቴና ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሞሚና በዚያ ሐሩር ሜዳውን አቋርጣ ጥላ ቤቱ ስትገባ፣ በሩ የዘጋው ሙቀት ከውጭው የባሰ ሆኖ ጠበቃት። ማለዘቢያው የተሠራው ሰው በሕይወት እያለ ሊያጋጥመው ይችላል ተብሎ ለተገመተ ግለት ነበር። ከዚያ ያለፈ ሲመጣበት እንደ ሞላ ግድብ ተደረመሰ፤ የሞሚና ስሜት እንዳለ፣ ምንም ሳይጎድል፣ በሶልቬግ ላይ ፈሰሰ።

አምባሳደሯ ጮኹ። ድምፃቸው የሰው አይመስልም ነበር። ፊታቸው ቀልቶ፣ አፋቸውን እንደ ዓሣ ከፍተው አየር ፈለጉ። ረድኤት ወደ መቁረጫው ቁልፍ እጇን ሰደደች።

«አትቁረጪው!» አሉ ሶልቬግ። ረድኤት ጆሮ ላይ ያለው አስተርጓሚ መሣሪያ እንኳን ተንተባተበ። «እጄን… እጄን የያዘ ሰው አለ። ሽማግሌ ነው። ከቆረጥሽው እለቀዋለሁ።»

በረድኤት ሌላኛው ጆሮ ሞሚና ታለቅሳለች። «አባ፣ ተነሣ። አባ፣ በናትህ። ረድኤት፣ አልነሣም አለኝ። እኔም እግሬ ከዳኝ።»

የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ይበልጣል በሩን በርግደው ገቡ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ቁረጪው እንጂ!»

ረድኤት ቁልፉ ላይ ጣቷን አሳረፈች። አንድ ጊዜ ብትጫነው ሶልቬግ ይድናሉ። ያኔ አሳይታ ውስጥ የወደቀችው ሴት ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ትሆናለች፤ ሌላ ምንም አትሆንም። ይህን ያሰበችው በኋላ ነው ወይስ ያን ጊዜ፣ እርግጠኛ አይደለችም። አፏ ግን ቀድሟት ተናገረ።

«አልችልም። እንዲህ ባለ ግለት ላይ እያሉ ከቆረጥኩት ልባቸው ይቆማል። መጀመሪያ ላኪዋ መቀዝቀዝ አለባት።»

ውሸት ነበር። አቶ ይበልጣል ዓይኗን አዩት፣ ሰሌዳውን አዩት፣ ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ረድኤት ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ለአሳይታ ስንት ዓመት ያልደረሰ ነገር ሁሉ ድንገት ደረሰ። አቶ ይበልጣል ለዋና ጸሐፊው ደወሉ፤ ዋና ጸሐፊው ለሚኒስትሩ፤ ሚኒስትሩ ለሰመራ። ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሻይ ሳይበርድ በራሪ አምቡላንስ ከሰመራ ተነሥቶ ጥላ ቤቱ ደጃፍ አረፈ። ረድኤት በማዳመጫው የነፍስ አድን ሠራተኞቹን ጫማ ሰማች።

«ተጋሪ የለበሰችው የታለች?» አለ አንዱ። «እሷ ናት፤ አንሷት!»

«አባቴን!» አለች ሞሚና። «መጀመሪያ አባቴን!»

«የታዘዝነው ለአንድ ሰው ነው፣ እህቴ። አልጋውም አንድ ነው። ልቀቂው፤ ልቀቂው እንጂ!»

አዳራሹ ውስጥ፣ ሶልቬግ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙ፤ ጣቶቻቸው ግን አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ተፈለቀቁ። «አይሆንም» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ቀዝቃዛው አየር መጣ፤ የሞሚና ልብ ቀስ እያለ ረጋ። ረድኤት ቁልፉን ተጫነች።

የሞሚና አባት ሁመድ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሞተ። ከእሱ ጋር ጥላ ቤቱ ውስጥ የነበሩ ሌሎችም ሞቱ። አምቡላንሱ አልተመለሰም፤ እንዲመለስ ያዘዘው አልነበረም። ወጣትነቱን በሙሉ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ሲያመላልስ የኖረ፣ በዚያ ሁሉ በረሃ ጎማ እየቀየረ ያደረ ሰው፣ ከቤቱ አጠገብ በመጠለያ ውስጥ ሙቀት ገደለው።

በማግስቱ አምባሳደር ሶልቬግ መድረክ ላይ ወጡ። ያዘጋጁትን ጽሑፍ አላነበቡም። ስለ አንድ እጅ ተናገሩ፤ ስለ ሻካራነቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ሲለቁት ስለተሰማቸው። ከመንግሥታቸው ትእዛዝ ውጪ «እደግፋለሁ» ብለው ድምፅ ሰጡ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ሳምንቱ ሳያልቅ መንግሥታቸው ጠራቸውና ሄዱ። ጉባኤው ዋናውን ውሳኔ ለከርሞ አስተላለፈ። በሙሉ ድምፅ ያጸደቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንዲህ ያለ አደጋ በክቡራን ልዑካን ላይ ዳግም እንዳይደርስ ማለዘቢያው በእጥፍ እንዲጠናከር።

ሞሚና ከሰመራ ሆስፒታል ደወለች።  

«ለእኔ ብቻ ለምን መጡ?» አለች።

ረድኤት እውነቱን ነገረቻት፤ ውሸቷንም ጭምር።

«እንግዲያው አባቴ የሞተው የሚሰማው ሰው ስላልነበረ ነው?»

«ሞሚና…»

«ልወቀው ብዬ ነው» አለችና ዘጋችው።

አቶ ይበልጣል ረድኤትን ቢሮአቸው የጠሯት ከለቅሶው ሰሞን በኋላ ነው። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ወንበሩን አስመርምሬዋለሁ» አሉ። «በየትኛውም ግለት ላይ ቢቆረጥ ማንንም አይገድልም።»

ረድኤት አንገቷን ደፋች።

«ያን ጊዜም ጠርጥሬ ነበር። ስልኩን ግን ደወልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም አትናገሪ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አሁን ሌላ ጣጣ መጥቷል። አሳይታ ‹ተጋሪ አልብሱን› ብሎ ወጥሮ ይዞናል። ድርጅቱም ምዝገባ ክፈቱ ብሏል። አንቺ ሂጂ።»

ረድኤት አሳይታ ስትደርስ ገና ጨለማው አልገፈፈም ነበር። የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ሰልፉ ከአጥሩ ወጥቶ ወደ ወንዙ ይዘልቃል። እናቶች፣ ጎልማሶች፣ በሰው ትከሻ የተደገፉ አዛውንት። ወሬው ግልጽ ነበር፦ ሸሚዙን የለበሰ ሰው ሲወድቅ ከሰማይ መጥተው ያነሡታል።

ሰልፉን የምታስተካክለው ሞሚና ናት። ከስታለች። ረድኤትን አይታ አልሸሸችም፤ አላቀፈቻትም። «ፀሐይ ሳትወጣ እንጨርስ» አለቻት፤ በአካል የተነጋገሩት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ሆነ።

ሸሚዝ ሞልቶ ነበር፤ ድርጅቱ ሳጥን በሳጥን ላይ ቆልሎ ልኳል። መመዝገቢያው ማሽን ግን ከላኪው ስም ቀጥሎ የተቀባዩን ስም ይጠይቃል፤ እሱ ካልተሞላ አይሠራም። ከአዲስ አበባ የመጣላትን የተቀባዮች ዝርዝር ረድኤት መንገድ ላይ አይታዋለች። ከሶልቬግ ወዲህ አንዱ ልቡን አመመው፣ ሌላው ሥራ በዛበት፣ የቀሩት ረዳቶቻቸውን እንልካለን ብለው ረዳቶቹም አልመጡም። መሰማት የሚፈልገው ሰው እስከ ወንዙ ተሰልፏል፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

ከፊት የቆመችው አሮጊት ዘህራ ትባላለች። ባሏ ከሁመድ ጎን ነው የሞተው። የምትናገረውን ሞሚና ከአፋርኛ ለረድኤት ተረጎመችላት፦

«እኔን የሚሰማኝ ማን ነው? ትላለች።»

ረድኤት ማሽኑን አየች። ከዚያ ባዶው ቦታ ላይ የራሷን ስም ጻፈች።

«እኔ ነኝ በያት።»

ዘህራ ከእግሯ እስከ ራሷ ተመለከተቻት፤ አቧራ የለበሰ ጫማዋን፣ የድርጅቱን መታወቂያ፣ ገና ያልበሰለ ፊቷን። አንድ ነገር ተናገረች። ሞሚና ተረጎመችላት።

«‹አንቺ ስትታመሚ አምቡላንስ ይልኩልሻል?› ትላለች።»

ረድኤት አሮጊቷን በዓይኗ ለማየት ተቸገረች። ከኋላ ሰልፉ መልሷን ይጠብቃል። ከአዋሽ ማዶ ሰማዩ መቅላት ጀምሯል።

«አይልኩም» አለች።

ሞሚና ተረጎመችው። ዘህራ ራሷን ነቀነቀች፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሌላ ሰው ሲያረጋግጥለት እንደሚነቀንቀው። ለአፍታ ዞራ የምትሄድ መሰለች። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ወደ ኋላ ጣለችና፣ ሸሚዙን እንድታለብሳት ሁለቱን ክንዶቿን ወደ ረድኤት ዘረጋች።