ፓስፖርትሽን ለሹፌሩ ስጪው

እኔ ተረት አልጽፍም። ዕድሜዬን ሙሉ ግብረ ገብ ያስተማርሁ፣ ተማሪዎቼን ስለ ውሸት የቀጣሁ ሰው ነኝ። በጡረታዬ ዘመን የዚህን ቻናል አንባቢዎች ለማስደንገጥ ብዬ ሐሰት አልፈጥርም።

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስ አጠገብ ባለችው ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ የታናሽ ወንድሜ የካሳዬ አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከታች ልጆች ኳስ ከግድግዳ ጋር እያጋጩ ይጫወቱ ነበር።

ሰዓቱን ያዙልኝ... ያስፈልገናል።

ካሳዬ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሁለቱን ልጆቹን፣ ናሆምንና ሶልያናን፣ ብቻውን አሳደገ። ናሆም እዚሁ አቅራቢያ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ፣ በቃኝ ብሎ፣ ላፕቶፑን ይዞ ታይላንድ ገባ። ኑሮው ርካሽ ነው፣ ሥራዬም በኢንተርኔት ነው አለን።

እዚያ ሆኖ፣ ለኑሮም ሆነ ለጉብኝት ወደ ታይላንድ ለሚሄዱ አበሾች በአማርኛ ምክር መልቀቅ ጀመረ። አጫጭር ቪዲዮዎች ነበሩ።

ሰው ቤት ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ። የሰው ራስ አትንኩ፤ የሕፃን እንኳ ቢሆን አትዳብሱ፣ በእነሱ ዘንድ ራስ ክቡር ነው። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ። ያለ ሄልሜት ሞተር ላይ አትውጡ። ፓስፖርታችሁን ደግሞ ለማንም አትስጡ፤ ሞተር ስትከራዩ በመያዣነት ቢጠይቋችሁ እንኳ ኮፒውን ስጡ።

መልካም ምክሮች ነበሩ። ፊሊፕስ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ያሉ ወጣቶች ሁሉ ይከታተሉት ነበር። ሰውን በቀላሉ የማላመሰግነው እኔ እንኳ “ይህ ልጅ ሰው ወጣው” ብዬ ነበር።

ከዚያ ሥራ ቀየረ። ድንበር አጠገብ ያለ ድርጅት ቀጠረኝ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ፣ መኖሪያው በነፃ ነው አለ። ለእህቱም ቦታ እንዳገኘላት ነገራት።

ሶልያና በአረጋውያን መንከባከቢያ የነበራትን ሥራ ለቀቀች። ቀይ ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። በረራዋ በማግሥቱ ነው።

እኔ የሄድሁት ልመርቃትና ልሰናበታት ነበር።

ስልኩ ጠራ። ሶልያና ሦስታችንም እንድንታይ በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አቆመችው።

ናሆም ብቅ አለ። ፈገግ ብሏል። ከኋላው መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ዘንባባ፣ ባሕርና ደማቅ ፀሐይ ይታያል።

“ሰላም ነዎት ጋሼ? አሁንም ጫማ ያደረገ ሰው ቤትዎ አይገባም?”

“አይገባም” አልሁት።

“እዚህም እንደዚያው ነው! ታይላንድ ለእርስዎ የተሠራ አገር ነው።”

ካሳዬ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። “ወንድም ጋሼ፣ በቁምጣ ባሕር ዳር ስትንሸራሸር ታየኸኝ!”

ሁላችንም ሳቅን። ናሆምም ሳቀ።

እኛ ዝም ካልን በኋላም... ሳቁ አላቆመም።

እጁን አንሥቶ ፀጉሩን ሲያስተካክል፣ አንጓው ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አየሁ። ጎን ለጎን ናቸው። መጠናቸው እኩል ነው።

“እጅህ ምን ሆነ?”

“ትንኝ ነው ጋሼ።”

ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመለሰው። ለእህቱም የትንኝ መከላከያ ቅባት መያዝ እንዳትረሳ መከራት።

“ሱፐርቫይዘሬ እዚህ አለ፤ ሰላም በሉት” አለን። ከጎን አንድ የነጭ ሸሚዝ እጅጌ ገባና እጅ አወዛወዘልን።

“ሄሎ ፋሚሊ” አለ ድምፁ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ናሆም በአማርኛ ሲቀጥልም ዝም አለ፤ አማርኛ የሚሰማ አልመሰለንም።

“ሶሊ፣ ኤርፖርት ስትደርሺ ስምሽን የያዘ ሹፌር ይጠብቅሻል። ፓስፖርትሽን ለሹፌሩ ስጪው።”

“ኦኬ፣ ጋት ኢት” አለች።

እኔ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥሁ።

“ናሆም፣ ፓስፖርት ለማንም አይሰጥም ብለህ ያስተማርኸው አንተ አይደለህም?”

ዐይኑ ወደ ጎን ሄደ... ተመለሰ።

“አሠራሩ ተቀይሯል ጋሼ።”

“ጋሼ፣ ፕሊስ” አለች ሶልያና በሹክሹክታ። “ኦቨርቲንክ እያደረጉ ነው።”

ከኋላው ያለውን መስኮት ማየት ጀመርሁ። ከባሕሩ በላይ አንዲት ወፍ ክንፏን ዘርግታለች። ስልኩ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ናት።

አልተንቀሳቀሰችም።

ያኔ ሰዓቱ ትዝ አለኝ። በሐምሌ ወር በሚኒሶታና በታይላንድ መካከል ያለው ልዩነት ልክ ግማሽ ቀን ነው። እኛ ዘንድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ እነሱ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።

ታዲያ ይህች ፀሐይ ከየት መጣች?

ወደ ካሳዬ ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርሁት። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ሚኒሶታ አበሾች አንድ ነገር መናገር ግድ ይለኛል። አማርኛን ቁልፉ በእጃችን እንዳለ ክፍል እንቆጥረዋለን። ሊፍት ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ፣ አለቃችን ፊት ቆመን ምስጢራችንን ጮክ ብለን እናወራለን። ካሳዬማ ጎረቤቱን ከነውሻው ፊት ለፊቱ ቆሞ ያማዋል፤ ጎረቤቱም ደስ ብሎት ፈገግ ይልለታል።

ያን ዕለትም እንዲሁ አደረገ።

ለነጩ ሸሚዝ እጁን አወዛወዘለት። ከዚያም ፈገግታውን ከፊቱ ሳያነሣ፣ ድምፁን አለስልሶ...

“ናሆሜ፣ ሰውየው አይሰማንም። በግድ ይዘውህ ከሆነ... አስል።”

የናሆም ፊት ተለወጠ።

“ዳድ... ዶንት...”

“ብቻ አስል ልጄ። አንዴ።”

ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። ከንፈሩን ነከሰ። ዐይኖቹ እንባ ሞሉ። ትንፋሹን አፈነ...

ከታች ኳሱ ግድግዳውን መታ።

ከዚያ ያ ድምፅ፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ በትሕትና ተናገረ።

“አያስልም አባቴ። ጉሮሮው ደህና ነው።”

አንድ እጅ ከኋላ መጥቶ የናሆምን ፀጉር ጨመደደ።

“የሰው ራስ አይነካም ብለህ ታስተምር የለ?” አለው፣ እየቀለደ።

ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ቀና አደረገው። ደገመው። አፍንጫው ሲሰበር ሰማነው። ደሙ ካሜራው ላይ ተረጨና የእኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ቀላ።

በግርግሩ መስኮቱ ተቀደደ።

አዎ... ተቀደደ። ዘንባባውም፣ ባሕሩም፣ ፀሐይዋም ሸራ ነበሩ። ከሸራው ጀርባ መስኮት የሌለው ግድግዳ አለ። ግድግዳውን ተጠግተው ወጣቶች በሰልፍ ቆመዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

“ምክሩን ጨርስላቸው” አለው ድምፁ።

ናሆም ደም እየተፋ ቀጠለ። “ሶሊ... ሞተር ስትሳፈሪ... ሄልሜት...”

ከጎን የብረት ዘንግ ገባ። ጫፉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጥርሶች አሉት፤ በመካከላቸው ሰማያዊ ብልጭታ ይንጣጣል። አንጓው ላይ አሳረፈው፣ በእነዚያ በሁለቱ ነጥቦች ላይ፣ ልክ በቦታቸው።

የናሆም ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር።

የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ሽታ በስልክ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ካሳዬ ግን አፍንጫውን ሲይዝ አይቼዋለሁ።

“ስለ ውኃውስ?” አለው ድምፁ።

“የቧንቧ ውኃ... አት...”

ዘንጉ አፉ ላይ ወረደ። የናሆም ጥርሶች ጠረጴዛው ላይ እንደ ቆሎ ተበተኑ።

ካሳዬ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይለምናል። “ወንድሜ! በእናትህ! ያገርህ ልጅ አይደለም ወይ?”

“ነው እንጂ” አለ ድምፁ። “ለዚህ አይደል በአማርኛ የማነጋግራችሁ?”

በዚያች ቅጽበት ናሆም ወደ ፊት ተወርውሮ ካሜራውን አቀፈው። በተሰበረ አፉ፣ ባለው ጉልበት ሁሉ ጮኸ።

“ሶሊ! አትምጪ!”

ጎትተው አላቀቁት። ዘንጉ ወጣ፣ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። ጣቶቹን መታ፤ ራሱን መታ። ድምፁ መጀመሪያ አጥንት ላይ ነበር... በኋላ እንደ ረጠበ ልብስ ሆነ። ናሆም መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም ሰውየው አላቆመም። እስኪያልበው ድረስ መታው።

በመጨረሻ ካሜራውን አንሥቶ ወደ ራሱ አዞረው። ፊቱን አላሳየንም። የነጭ ሸሚዙን ኮሌታ ብቻ አየን፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን ቀይ ፍንጥቅጣቂ።

“ሶሊዬ፣ በረራሽ ነገ ነው አይደል? ነይ። እስትንፋሱ አለ፤ ሐኪም እናመጣለታለን።”

የሰውየው ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አረፍ አለና ቀጠለ።

“ባትመጪም አንቀየምሽም። ፊትሽን አይተናል። ድምፅሽንም ሰምተናል። ይበቃናል።”

ስልኩ ተዘጋ።

ሶልያና ሻንጣዋን ይዛ ተነሣች።

“ልሂድ! ሂስ አላይቭ! በሕይወት አለ ብሏል! ካልሄድሁ ይገድሉታል!”

በሩን በጀርባዬ ዘጋሁ። “ከዚህ አትወጪም።”

“ዞር ይበሉ ጋሼ!”

“አልዞርም።”

ደረቴን በጡጫ ደበደበችኝ። ፊቴን ቧጠጠችኝ። እጄን እስኪደማ ነከሰችኝ። ካሳዬ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ግንባሩን ከምንጣፉ ጋር ያጋጫል። እኔ ግን አልተንቀሳቀስሁም። ወንድሟ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የሰጣት እውነተኛ ምክር አንድ ቃል ነበር፤ ያንን ቃል ልጠብቅለት ቆርጬ ነበር።

ፓስፖርቷን ከቦርሳዋ አውጥቼ ኪሴ ከተትሁት።

ድንገት ቀጥ አለች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

“እርስዎም ወሰዱብኝ” አለች፣ ቀስ ብላ።

አልሄደችም።

ፖሊስ ጠራን፤ መጡ፣ ጠየቁን፣ ወደሚመለከተው እንዳስተላለፉት ነገሩን። በነሐሴ መጨረሻ ናሆም በታሸገ ሣጥን መጣ። ድንበር ላይ ካለው ወንዝ እንዳወጡት ነው የተነገረን። እንዳትከፍቱት ብለው መከሩን፤ አልከፈትነውም።

አገሩን አልወቅስም። ታይላንድ መልካም አገር እንደሆነች፣ ሕዝቧም ትሑት እንደሆነ ናሆም ራሱ መስክሯል። ልጃችንን የቀጠቀጠው አፉን በእኛ ቋንቋ የፈታ ሰው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ነበር።

ባለፈው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ምሳ ልንበላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበን ነበር። ሶልያና ከጎኔ ተቀምጣለች። ሙቀቱ ያፍን ነበር፤ እሷ ግን እጅጌው ረጅም የሆነ ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ሐዘን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ከመዘምራኑ አንዷ፣ ምሥጋና የምትባል ልጅ፣ እየሮጠች መጣች።

“ሶሊ! ቪዲዮሽ በጣም ሄልፕ አደረገኝ! አፕላይ አደረግሁ፣ ተቀበሉኝ!”

“የቱ ቪዲዮ?” አልኋት እኔ።

ስልኳን ዘረጋችልኝ።

ሶልያና ነበረች። ፈገግ ብላለች። ከኋላዋ ዘንባባ፣ ባሕር፣ ደማቅ ፀሐይ... ክንፏን የዘረጋች አንዲት ወፍ።

“ታይላንድ ስትመጡ አትጨናነቁ” ትላለች። “ፓስፖርታችሁን ለሹፌሩ ስጡት።”

አልደነገጥሁም። በዚህ ዘመን ማሽን የሰውን ፊትና ድምፅ መቅዳት እንደሚችል አንብቤአለሁ። ይበቃናል ያለው ይህንን ነው አልሁ። ብድግ ብዬ፣ እንደ ድሮው በክፍል ውስጥ እንደማደርገው፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ተናገርሁ።

“ይህ ሐሰት ነው! ልጅቱ እዚህ ናት! ማንም እንዳይሄድ!”

ምሥጋና ማልቀስ ጀመረች።

ቪዲዮው አልቆመም ነበር። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሶልያና ፀጉሯን ልታስተካክል እጇን አነሣች።

አንጓዋ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ጎን ለጎን።

ቀስ ብዬ ዞርሁ።

ከጎኔ ያለችው ሶልያና ሳህኗን እያየች ነው። ድምፅ አይወጣትም፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል... ከቪዲዮው ጋር፣ ቃል በቃል።

የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ።

እጅጌዋን ወደ ጣቶቿ ሳበች። ዘገየች። አንጓዋ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች አየኋቸው። ትኩስ ናቸው፤ ቀጭን ጭስ ገና ይወጣቸዋል።

“ሶልያና... እጅሽ ምን ሆነ?”

ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች።

“ትንኝ ነው ጋሼ።”